ማራገቢያው እስኪቆም

«ውሃም አልቀምስም» አሉ እማማ ወለቴ፣ የልጅ ልጃቸው ሉሊት የዘረጋችላቸውን ኩባያ በእጃቸው ጀርባ ገፋ አድርገው። «መጀመሪያ ልጄን አሳዩኝ።»

የተናገሩት በጋሞኛ ስለነበር ድንኳኑ ውስጥ ካለው ለቀስተኛ ግማሹ ወዲያው ሰማ፤ ሌላው ሉሊት ለእናቷ ስትተረጉም ሰማ። ዓለምጸሐይ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ባሏ ኤርጫፎ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አማቷ ከደጋው ከኦቾሎ በበቅሎ የወረዱት ትናንት ጠዋት ሲሆን፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንዲት ጠብታ እንባ አላፈሰሱም፤ አንዲት ፍሬ ንፍሮ አልቀመሱም። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። የአርባ ምንጭ የጥቅምት ፀሐይ ደግሞ ለጎረምሳም አይራራም።

«ከዚህ ቤት ሁለተኛ ሬሳ እንዳይወጣ» አለች አንዲት ጎረቤት ወደ አጠገቧ ሴት ጠጋ ብላ። ቀስ ብላ የተናገረች መስሏት ነበር።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ዓለምጸሐይ ታውቃለች። ኤርጫፎን ወባ በአራት ቀን ጣለው። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አረፈ፤ ሐሙስ ከሰዓት ተቀበረ። የቆላ ሙቀት ሬሳ አያሳድርም። ኦቾሎ ሰው ይላክ ሲባል፣ «አሮጊት ናቸው፣ መርዶውን በድንገት አይስሙት፤ መጀመሪያ ታሟል በሏቸው» ያለችው እሷ ናት። ወጉም ይኸው ነውና ማንም አልተቃወማት። እማማ ወለቴ የታመመ ልጃቸውን ሊጠይቁ የገብስ ቂጣ ቋጥረው መጡ፤ የጠበቃቸው ግን ድንኳን ነበር።

«አንተ ቀበርክ» አሏት በሩ ላይ። የገበያ አማርኛቸው ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲጠሯት ዓለምጸሐይ ስትስቅ ኖራለች። ትናንት አልሳቀችም። «አንተ ቀበርክ። እኔ አላየሁም። ያላየሁትን እንዴት አለቅሳለሁ?»

ፎቶግራፉን አሳይተዋቸዋል። ያለው ፎቶ አንድ ብቻ፣ ከመታወቂያው ላይ በትልቁ የታጠበ ነው፤ ዓይኑ ፈጦ፣ የተዋሰው ክራቫት አንገቱን አንቆት። እማማ ወለቴ አቅርበውም አርቀውም አዩትና «ይኼ የመንግሥት ሰው ነው» ብለው መለሱት።

አሁን ደግሞ በዱላቸው ወደ ቤቱ በር አመለከቱ። «በዚያ መብራት አሳዩኝ። በሱ ዝሆን አሳይቶኛል፤ በረዶ አሳይቶኛል፤ ጌታ ሲሰቀል አሳይቶኛል። እኔን ራሴን አሳይቶኛል። እሱን አሳዩኝ።»

ያ መብራት የቤተ ክርስቲያኑ ዲጂታል ፕሮጀክተር ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ከውጭ የመጡ እንግዶች ለቤተ ክርስቲያኑ በስጦታ ሲተዉት፣ ኤርጫፎ ሃያ ዓመት ሙሉ የጥቅልል ፊልም መሣሪያ በበቅሎ ጭኖ ደጋ ለደጋ የቤተ ክርስቲያኑን ፊልም ሲያሳይ ኖሯልና ልቡ ጠፋ። ይኼኛው ከቪዲዮ ካሜራ ጋር በቀጭን ገመድ ይያያዛል፤ ጠዋት የተቀረጸውን ማታ ግድግዳ ላይ ያወጣል። ሽማግሌዎቹ ቢሮ ይቀመጥ ብለው ቢወስኑም፣ ቢሮው አቧራ አለው ብሎ ተከራክሮ ቤቱ አመጣው። ከአልጋው ራስጌ አስቀመጠው። ጋቢውን አለበሰው። ዓለምጸሐይ ያን ቀን ወገቧን ይዛ አየችና «ጣውንት አመጣህብኝ አይደል?» አለችው፤ ስሙ በዚያው ጸና።

«ጣውንትሽ ዛሬ ጨንቻ ልትወጣ ነው» ይላታል ሲነሳ።

«ደጋው እንዳይበርዳት ደርብላት» ትለዋለች፣ እየሳቀችም እየቀናችም።

ኦቾሎ በጄኔሬተር ሲያሳይ፣ ስክሪን አድርጎ የሚሰቅለው እናቱ የፈተሉትን፣ የሰፈሩ ሸማኔ የሠራውን ነጭ ጨርቅ ነበር። አንድ ጊዜ እናቱን እንዝርት ሲያሾሩ ቀርጾ እዚያው ጨርቅ ላይ አወጣቸው። እማማ ወለቴ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ይቺ አሮጊት የማን እናት ናት? ፈትሏ ጥሩ ነው» አሉ። ኤርጫፎ ይህን ነገር በተጋበዘበት ሁሉ ያወራው ነበር።

«እማዬ፣ ካሴቶቹን ሌሊቱን አየኋቸው» አለች ሉሊት፣ እናቷን ከድንኳኑ ጥግ ወስዳ። ዓይኗ አብጧል። «ሰው ሁሉ አለ። የኩልፎ ሙዝ ተሸካሚዎች ሳይቀሩ አሉ። አባዬ የለም። ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ነው።»

ዓለምጸሐይ «የሳሙናውን ካርቶን አይተሻል?» አለች።

«የምን ካርቶን?»

«አልጋው ሥር። ‹ሙከራ› የሚል የተጻፈበት አንድ ካሴት አለ። ካሜራውን ያስያዘኝ ቀን ነው።»

ሉሊት ሮጣ ሄዳ ካሴቱን ከነካርቶኑ ይዛ መጣች። በካሜራው ትንሽ መስኮት ማየት ይቻላል፤ ግን የእማማ ወለቴ ዓይን የሰው ፊት የሚለየው እንኳ በግድ ነው። በትልቁ ካልሆነ አይሆንም። ትልቁን ለማብራት ደግሞ ጋሽ ኢሳያስ መፍቀድ አለባቸው።

ጋሽ ኢሳያስ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌና የንብረት ኃላፊ ናቸው፤ ከኤርጫፎ ጋር ተከራክረውም ተዋደውም የኖሩ። ዓለምጸሐይ ማንጎው ሥር ጠርታ ስትነግራቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያሽከረክሩ ጀመር።

«ዓለም፣ እህቴ፣ ገና ሣልስቱ ሳይወጣ ሟቹን ግድግዳ ላይ ስናራምድ ሰው ምን ይላል? ሙታን ሳቢዎች ሆኑ ይለናል።»

«እሳቸውስ በጥም ሲሞቱ ምን ይላል?»

«እሱም አለ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሌላም ነገር አለ። ያለን አምፖል አንድ ነው። የመጀመሪያውን ሳይበርድ ነቅሎ ያቃጠለው ኤርጫፎ ራሱ ነው። ያን የሚያህል ባለሙያ! ሌላ እስኪመጣ አምስት ወር ጠበቅን። እሱ የተሳሳተበትን እናንተ እንዴት ትነካኩታላችሁ?»

«ማን ነው ያቃጠለው?»

«ኤርጫፎ። በጉባኤ ፊት ቆሞ ‹እኔ ነኝ፣ በችኮላ ነቀልኩት› ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። አንቺ ያን እሑድ ሉሊትን ልትጠይቂ አዋሳ ሄደሽ ነበር። ‹ለዓለም አትንገሩብኝ፣ ታዝንብኛለች› ብሎ ሁላችንንም ለመነን።»

ዓለምጸሐይ የማንጎውን ግንድ ያዘች። 

ያን ቀን እንደ ትናንት ታስታውሰዋለች። ኤርጫፎ የፕሮጀክተሩን መብራት አጥፍቶ እንግዳ ሊሸኝ ወጥቷል። ሌላ እንግዳ በር ላይ ደርሷል፣ ወጡ ወጥቷል፣ ጠረጴዛው ላይ ግን ጣውንቷ ተዘርግታለች። መብራቱ ቢጠፋም ሆዱ ውስጥ ያለው፣ አምፖሉን የሚያበርደው ማራገቢያ እፍ እፍ ይላል። «አንቺ ደግሞ መተንፈስሽን አትተዪም?» አለችና ገመዱን ከግድግዳው መንጭቃ ነቀለችው፤ እንደጋለ በጋቢው ጠቅልላ አልጋው ላይ ወረወረችው። በሳምንቱ ጨንቻ ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ተቀምጦ ሳለ አምፖሉ ጧ ብሎ ጨለመ። ኤርጫፎ ወደ ቤት ተመልሶ «ዓለም፣ ያን ቀን ገመዱን ማን ነቀለው?» ሲላት፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች «እኔ ምን አውቃለሁ» አለችው። ሁለተኛ አልጠየቃትም።

ከዚያ ወዲህ ግን መሣሪያውን በተከለ ቁጥር እያንዳንዱን ነገር ጮክ ብሎ ይናገር ጀመር። ክዳኑ ይነሳል። ቢጫው ከቢጫው። ነጩ ከነጩ። ኤሌክትሪኩ መጨረሻ። ሲጠፋ፣ ማራገቢያው እስኪቆም ገመዱ አይነካም። «ብቻውን ማውራት ጀመረ፣ እርጅና ነው» ብላ ለጎረቤት አምታዋለች። ለካ ሳይወቅሳት ሊያስተምራት ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ያውቅ ነበር።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት፣ ጋሽ ኢሳያስ።»

«ምኑን?»

«ገመዱን። እሱ ውጭ ነበር። ሲጠይቀኝ ዋሸሁት። ባላጠፋው ነው ይቅርታ የጠየቃችሁ።»  በቀብሩ ቀን ያላወጣችው ልቅሶ ማንጎው ሥር ወጣ፤ ሐዘን ብቻ ሳይሆን እፍረትም፣ ከእፍረቱም በላይ ፍቅር ነበረበት።

ጋሽ ኢሳያስ እስክትጨርስ ጠበቋት። እሳቸውም በባርኔጣቸው ጠርዝ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ። «ያ ሰው...» አሉና ተዉት። «አሁንስ ታውቂበታለሽ?» አሏት።

«ሲናገር ሰምቼዋለሁ።»

«አምፖሉ ቢቃጠልስ?»

«ጉባኤው ፊት እኔ እቆማለሁ። ተራዬ ነው።»

«በይ እንግዲያው ጸልየን እንክፈተው። የሚያወራ ያውራ።»

ከቀትር በኋላ የሳሎኑን መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋረዱ። ነጩን ጨርቅ ግድግዳው ላይ ቸነከሩት። እማማ ወለቴ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ከኋላቸው ሳሎኑ የቻለውን ያህል ለቀስተኛ ተጠቀጠቀ። ዓለምጸሐይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ጣውንቷን ከጋቢው ፈታቻት። 

«ክዳኑ ይነሳል» አለች ጮክ ብላ። አነሳችው። «ቢጫው ከቢጫው። ነጩ ከነጩ።» ሉሊት የካሜራውን ጫፍ ያዘችላት። «ኤሌክትሪኩ መጨረሻ።» ሰካችና ቁልፉን ተጫነች።

ምንም የለም። ጋሽ ኢሳያስ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እስኪሞቅ ነው» አለች ዓለምጸሐይ፣ ለራሷም እየነገረች። ማራገቢያው እፍ ማለት ጀመረ፤ ጨርቁ ላይ ወደ ግራጫ የሚያደላ ብርሃን ወጣ፣ ቀስ በቀስም ነጣ። ብርሃኑ ላዩ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ነበር። ከፊት እግሩ ሥር የወሸቀችው የመዝሙር መጽሐፍ አንገቱን ከልክ በላይ ቀና አድርጎታል። መጽሐፉን አወጣችና መሣሪያውን የሳሙናው ካርቶን ላይ ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው፤ ብርሃኑም አራት ማዕዘን ሆነ። የመስተዋቱን ቀለበት ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ አዞረች። የጨርቁ ድርና ማግ ሳይቀር ጠርቶ ታየ።

ሉሊት ካሴቱን አስኬደች።

መጀመሪያ ሰማይ ታየ። ከዚያ ጫማ። ከዚያ የማንጎው ዛፍ ጎኑን ይዞ ወደቀ፤ ካሜራውን የያዘችው ዓለምጸሐይ ነበረቻ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ምስሉ ተቃና፤ ኤርጫፎ እዚያ ነበር። እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ ተንጠራርቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ያንኑ ነጭ ጨርቅ ማንጎው ላይ እየሰቀለ ነው። ጨርሶ ዞረ። ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«ዓለም፣ ይታያል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ጣውንቴን ጠይቃት!» አለ የገዛ ድምፅዋ ከመሣሪያው ውስጥ፣ ከሐዘኑ በፊት የነበረው ድምፅዋ። ኤርጫፎ እስከ ድዱ ሳቀ። እየሳቀ ወደ ካሜራው መጣ፣ መዳፉ ተለቀ፣ ጨርቁን ሞላው፤ ጨለመ።



«ድገሙት» አሉ እማማ ወለቴ።

ሉሊት መለሰችው። ሰማይ፣ ጫማ፣ ማንጎ። ኤርጫፎ ዞረ፣ ላቡን ጠረገ። «ዓለም፣ ይታያል?»

«ይታያል» አለች ዓለምጸሐይ፣ የድሮው ድምፅዋ ሳይቀድማት። «ጥርት ብሎ ይታያል።»

እማማ ወለቴ ዱላቸውን ጣሉ። ተነስተው ወደ ጨርቁ ሄዱ፤ ራሳቸው የፈተሉትን ጥጥ፣ የልጃቸው ሳቅ ያለበትን ቦታ በሁለት እጃቸው ዳሰሱት። «ልጄ ነው» አሉ። ከዚያ ጮሁ። ሁለት ቀን የታፈነው እንባ ወረደ፤ ድንኳኑ ድረስ ተሰማ፤ ውጭ ያሉትም ተቀብለው አለቀሱ። ሉሊት አቅፋ አስቀመጠቻቸውና ኩባያውን ወደ አፋቸው አስጠጋች። ጠጡ። ግማሹን ሲያደርሱ ኩባያውን ራሳቸው ተቀብለው ወደ ምራታቸው ዘረጉ።

«አንተም ጠጣ» አሉ። «አንተም አልጠጣህም።»

ዓለምጸሐይ ተቀብላ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጠችው።

ቁልፉን ስትጫን መብራቱ ጠፋ። ሰዎች ብርድ ልብሶቹን ከመስኮቱ አወረዱ፣ የከሰዓቱ ፀሐይ ገባ። ጋሽ ኢሳያስ ሊያግዙ ብለው ወደ ግድግዳው ጎንበስ አሉና ገመዱን ያዙ።

«ይቆዩ» አለች ዓለምጸሐይ። «ገና ነው።»

እጃቸውን ሰበሰቡ። እሷ ሌላ በርጩማ ስባ ከመሣሪያው አጠገብ ተቀመጠች፤ መዳፏን በላዩ ላይ አሳረፈች። ይሞቃል። ከጎኑ የሚወጣው ነፋስ የእጇን አንጓ እፍ እፍ ይለዋል። ከውጭ አንድ የእድር ሰው በበሩ አንገቱን አስገብቶ፣ ሣልስቱ ወጥቷልና ድንኳኑን ይንቀሉት እንደሆነ ጠየቀ።

«ትንሽ ይቆይ» አለችው።

ማራገቢያው ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ሄዶ ቆመ። ዓለምጸሐይ መዳፏን ሳታነሳ ጥቂት ጊዜ ጨመረችለት። ከዚያ ገመዱን በእርጋታ ነቀለችና ጋቢውን አለበሰችው።