የጤነኛው ጎማ ምስክርነት

መኪናዋ የጋራዡን በር ሳታልፍ፣ «ሸራ ነው» አለ ጆሮ።

ይህን ሲል አራተኛ ጊዜው ነበር። «ጆሮ» የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ መኪና ከአጥር ማዶ ሲያልፍ ሰምቶ በሽታውን እናገራለሁ ስለሚል። ጎንበስ ብሎ ማየት የጀማሪ ሥራ ነው ባይ ነው። ሦስት ጊዜ የፊት ቀኙን ጎማ ፈትቶ፣ ዲስኩን ግራና ቀኝ ጨብጠው የሚያቆሙትን የፍሬን ሸራዎች በአዲስ ቀይሯል። ሦስቱንም ጊዜ መኪናዋ ሁለት ቀን ዝም ብላ፣ በሦስተኛው ቀን ሲጥ ሲጥ ማለቷን ቀጥላለች።

«ጋሼ፣ ሸራውማ ተቀየረ እኮ» አለች ልብስ ሰፊዋ ከመሪው ላይ ሳትወርድ። የባሏ ታላቅ ወንድም ነውና አንቱ ትለዋለች፤ ባትለው ደስ ባላት።

«እንግዲያው እርጅና ነው። ለእርጅና ደግሞ መለዋወጫ አይሸጥም።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አሮጌ መኪና በኪሎ የሚወስደው ብረት ገዥ ነገ ረፋዱ ላይ ይመጣል። ከባልሽ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«ከባሌ ጋር?»

«ከማን ጋር ልነጋገር? ከመኪናዋ ጋር?»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ያቺን መኪና ልብስ ሰፊዋ የገዛቻት በመርፌዋ ነው። መንዳት የተማረችው በአርባ ስድስት ዓመቷ፣ ልጇ ሊሆን በሚችል አስተማሪ እየተገላመጠች ነው። የሦስት ትምህርት ቤቶችን የደንብ ልብስ ሰፍታ በር ድረስ የምታደርሰው በእሷ ነው፤ ውላቸው «በር ድረስ» ይላል። ትምህርት ሰኞ ይከፈታል። መኪናዋ ከሄደች ሥራው ይሄዳል፤ ሥራው ከሄደ እሷ ተመልሳ የሰው ሱሪ ማሳጠር ነው። ይህን ሁሉ ሁለት ወንዶች ቆመው «ተነጋግረን ጨርሰናል»።

ባሏ መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ቤት ስትደርስ ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«እሺ አልክ?»

«ጋሼ አለ፣ እኔም እሺ አልኩ።»

«ጋሼ ገደል ግባ ቢልህስ?»

«የትኛው ገደል ብዬ እጠይቃለሁ።»

ብቻውን ሳቀ። እሷ ቁልፉን አቀበለችው። «እስከ ነገ ረፋድ ጊዜ አለኝ። መሪውን ያዝ፤ ቀስ ብለህ ንዳ።»

ከቤታቸው ጀርባ ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ግንቡ ድምፅ ያስተጋባል። ባሏ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በሰው እርምጃ ነዳ። እሷ ወገቧን አጥፋ፣ ጆሮዋን ወደ ጎማው ቀስራ ከጎን ከጎኑ ሄደች። አንዲት ጎረቤት ከመስኮት ብቅ አለች።

«ምን ጠፍቶሽ ነው?»

«ጠፍቶኝ ሳይሆን በዝቶብኝ ነው።»

ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ከዚያ ልብስ የምትነድፍበትን ጠመኔ ከኪሷ አውጥታ በንድፍ ወረቀት ላይ ጻፈች፦ ፍሬን ሲያዝ ዝም፣ ሲለቀቅ ሲጥ። በቃ ይኸው ነው። ይህን ለማወቅ ሠላሳ ዓመት ጋራዥ መክፈት አያስፈልግም። ሐኪም እንኳ በሽተኛውን መቼ መቼ ነው የሚያምህ ብሎ ይጠይቃል፤ ጆሮ በአራት ጉዞ አንድ ጊዜም አልጠየቃትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው ለካ እውነት ነው።

መጀመሪያ ከዲስኩ ጀርባ ያለችውን ስስ ቆርቆሮ ጠረጠረች፤ ጠጋ ብላ የምትፍቅ መሰላት። በጉጠት ወደ ኋላ መለስ አደረገቻት። ባሏ ነዳ። ሲጥ ሲጥ።

«እሷ ናት ብለሽ አልነበር?»

«ብዬ ነበር። ተሳሳትኩ።»

ይህች ቃል ከጆሮ አፍ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ወጥታ አታውቅም።

ዋናውን መንገድ ዞረው እንዲመለሱ አዘዘች። ሲመለሱ በጣሳ ውሃ ይዛ ወረደች፤ ጣቷን ነክራ የካውያዋን ሙቀት እንደምትለካው በግራው ቸርኬ ላይ ጠብ አደረገች። ጠብታዋ ተንከባልላ ወረደች። በቀኙ ላይ ጠብ ስታደርግ ጠብታዋ ቺስ ብላ ተነነች።

«ቀኙ ሸሚዝ ይተኩሳል» አለች። «እግርህን ብታነሣም ፍሬኑ አይለቅም ማለት ነው። ሸራው አይደለም የታመመው። ሸራውን የያዘው ነው።»

 ባሏ ጣቱን ነክሮ ራሱም ሞከረ፤ እንደ ልጅ ደጋግሞ።

በማግስቱ ጠዋት የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አገዱ፣ መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ከሥሯ ወፍራም ግንድ ደገፉ፣ ቀኙን ጎማ አወረዱ። ሸራዎቹን አውጥታ ጎን ለጎን ያዘቻቸው። የውስጠኛው እንደ ብስኩት ሳስቷል፤ የውጪው ከሱቅ እንደ ወጣ ነው። ሸራዎቹን አቅፎ የያዘው ብረት በላይና በታች በሁለት ፒኖች ላይ፣ መጋረጃ በዘንጉ ላይ እንደሚንሸራተት ወዲያ ወዲህ ማለት አለበት። የላይኛው ፒን እንደ ልብ ይሄዳል። የታችኛው ንቅንቅ አይልም።

ጠርጋ፣ ግራሶ ቀብታ መለሰችው። አሁንም አልነቃነቅም አለ። ባሏ ሰዓቱን አየ።

«አትየው» አለችው። «ግራውን አውርድ።»

«ጤነኛውን?»

«ጤነኛውን።»

«ሰው ሆዱን ሲያመው የጎረቤቱ ሆድ ይከፈታል?»

«ሁለተኛውን እጅጌ የምሰፋው የመጀመሪያውን ፊቴ ዘርግቼ ነው። አውርድ።»

ግራው ጮኾ ስለማያውቅ ጆሮ ነክቶት አያውቅም። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው። የግራውን ሁለት ፒኖች አውጥታ በነጭ ጨርቅ ላይ አጋደመች፤ ከሥራቸው የቀኙን ሁለት። ለተቻኮለ ዓይን አራቱም አንድ ናቸው፤ ቁመታቸውም ውፍረታቸውም። እሷ ግን አቀርቅራ አየች። ከየጥንዱ አንደኛው ጫፉ ላይ ቀጭን የጎማ ቀለበት ለብሷል። በግራው ባለቀለበቱ የወጣው ከላይኛው ቀዳዳ ነው። በቀኙ ባለቀለበቱ የወጣው ከታችኛው።

ቀጥ አለች።

የስፌት ማሽን መርፌም እንዲሁ ነው። ሲያዩት ክብ ነው፤ አናቱ ግን በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ያንን ሳያይ አዙሮ የከተተ ሰው ስፌቱ ይዘልበታል። ከዚያ ክሩን ይራገማል፤ ክር ይቀይራል፤ እንደገና ይዘልበታል። ጆሮም ሁለቱን ፒኖች በአንድ ጣሳ ቤንዚን አጥቦ፣ ግራሶ ቀብቶ፣ እጁ የገባለትን ወደ ገባበት ይሰካል። የተሳሳተ ቀዳዳ ውስጥ የገባው ቀለበት ሁለት ቀን በግራሶው ታግዞ ይሄዳል፤ ሲሞቅ ያብጥና ይነክሳል። እሱ ደግሞ ሸራ ይራገማል።

ፒኖቹን አቀያየረቻቸው። ብረቱ በአንድ ጣት ተገፍቶ ሄደ፣ በአንድ ጣት ተመለሰ። ጆሮ በየጊዜው አውጥቶ የኋላ ኮፈን ውስጥ ከጣላቸው ሸራዎች ከሁሉ እኩል የሆነውን ጥንድ መርጣ አስገባች። አራቱንም ፒኖች ደግሞ በንድፍ ወረቀት ላይ ልክ እንደ ኮሌታ ነደፈቻቸው፤ ከየሥራቸው «ላይ»፣ «ታች» ብላ ጻፈች።

ጎማዎቹን ገጥመው ዋናውን መንገድ ዞረው ሲመለሱ፣ ጆሮና ብረት ገዥው የቤታቸው በር ላይ ቆመው ነበር። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ገብታ ቆመች።

«ሁለት ቀን ዝም ማለት ልማዷ ነው» አለ ጆሮ።

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ። ስለዚህ በጆሮ አልለካም።» ጣሳውን አቀረበችለት። «ጣትዎን ይንከሩና ሁለቱም ላይ ጠብ ያድርጉ።»

ብረት ገዥው ፊት እምቢ ማለት አልሆነለትም። ነከረ። ጠብታዋ በግራው ተንከባልላ ወረደች። በቀኙም ተንከባልላ ወረደች። ወረቀቱን ከፊቱ ዘረጋችለት። አየው። ከዚያ ሰፈሩ አይቶት የማያውቀውን ነገር አደረገ፤ ተንበርክኮ በቸርኬው ክፍተት አጮልቆ አየ።

«ሦስቱንም ጊዜ?» አለ ከመሬት ሳይነሣ።

«ሦስቱንም ጊዜ።»

ብረት ገዥው ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ መኪናዋ…»

«አትሸጥም» አለ ባሏ። ድምፁ ራሱን ያስደነገጠው መሰለ፤ ቢሆንም አላቆመም። «ጋሼ፣ መኪናዋ የእሷ ናት። እኔ እሺ ያልኩት የራሴ ባልሆነ ነገር ነው። አጥፍቻለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ባሏን አየችው፤ በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር እንዲህ ቀና ብሎ ቆሞ አይታው አታውቅም። የሳሳውንና የተረፉትን ሸራዎች በፌስታል አድርጋ ለብረት ገዥው ሰጠችው። «ባዶ እጅህን አትመለስ። ጋሼ ያከማቹት ነው።»

ጆሮ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ወረቀቱን ግን አልለቀቀም። «ይህችን ልውሰዳት?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንዲህ ያለ ፍሬን ያላቸው ሁለት መኪኖች ጋራዥ ቆመውብኛል።»

«ንድፍ ከቤቴ አይወጣም፣ ጋሼ። ጠመኔና ወረቀት ግን አለ። ገብተው ይቅዱት።»

ገብቶ ቀዳ። በመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅሮ፣ ቀለበቱን አንዴ ታች ሥሎ፣ አጥፍቶ፣ እንደገና ላይ ሣለ። እሷና ባሏ የደንብ ልብሱን እየተቀባበሉ መኪናዋ ላይ ጫኑ፤ ሰኞ ድረስ የምትጠብቅበት ምክንያት አልታያትም። መሪውን ያዘች። መኪናዋ በበሩ ስትወጣ ጆሮ ከልማዱ ራሱን ቀና አድርጎ ወደ መንገዱ አዳመጠ። የሚሰማ ነገር አልነበረም።