በፍሰሐ አናት ላይ የጮኸው ጣት

ፍሰሐ ሱዳን ውስጥ ጀሪፍ በሚባል ሰፈር በተከፈተው የሙዚቃ ካምፕ ጊታር ሲጀምር ክሩን እንደ ደመኛው ነበር የሚገርፈው። "በየጣትህ ልቀመው እንጂ! ምን በደለህ?" እያሉ ሱዳናዊው መምህሩ ኡስታዝ ሐሰን አሳራቸውን በሉ። ምን ያድርግ፣ ቀን ቀን የካፌ አስተናጋጅ ነው፤ ጣቶቹ የለመዱት ትሪ ነው። ደንበኛ ጣቱን ቀጭ አድርጎ ከጠራው ደግሞ ከሐሳቡ እግሩ ይቀድማል።

በመዝጊያው ዝግጅት ግን ጉድ ተሰማ። ዓይኑን ጨፍኖ ክሮቹን እንደ ምስር አንድ በአንድ ለቀማቸው። በሱዳን ወግ ሙዚቃ ልቡን የነካው ሰው አርፎ አይቀመጥም፤ ተጫዋቹ ዘንድ ሄዶ ከአናቱ በላይ ጣቱን ያጮኽለታል። ኡስታዙ መድረክ ወጡና ለአድናቆት በፍሰሐ አናት ላይ ጣታቸውን ቀጭ! ቀጭ! አደረጉ።

ፍሰሐ ጊታሩን ብብቱ ውስጥ ወትፎ ብድግ አለ።

"አቤት፣ ምን ልታዘዝ?"

 ኡስታዙም ትንሽ አሰቡና፣

"ሻይ በናዕናዕ" አሉ። "ያላ፣ ስኳሩን እንዳታበዛው!"