የመኪናው ሆድ ሞልቷል

እና አሁን ይህን የሳሙና ውሃ የት ላድርገው፣ በአንድ እጄ ድስቱን ይዤ በሌላው መታጠቢያውን ተደግፌ ቆሜያለሁ፣ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ካሉት ትንንሽ መብራቶች አይነሳም፣ አንደኛው በርቷል፣ ሁለተኛው በርቷል፣ ሦስተኛው በርቷል፣ አራተኛው ቀይ ነው። ቀይ። ቀይ ከበራ አንዲት ጠብታ እንዳትጨምሪ ብላኛለች ፈረንጇ ሄልጋ፣ በአፏ ሳይሆን በእጇ፣ መጀመሪያ ወደ መብራቱ ጠቁማ፣ ከዚያ ሆዷን እንደጠገበ ሰው በሁለት እጇ ይዛ፣ ከዚያ ሊያስመልሰው እንደሚል ሰው ጉንጯን ነፍታ፣ ያን ቀን ስቄ ነበር፣ ዛሬ አያስቅም። የገላ መታጠቢያው ወለል ላይ ያለችው ቀዳዳ ጉልጉል ትላለች፣ ውሃው ብቅ ይልና ይመለሳል፣ ብቅ ይልና ይመለሳል፣ ጎንበስ ብዬ ቀለም እፈልግበታለሁ፣ አመድ የመሰለ የሳሙና እድፍ ነው፣ ሌላ ቀለም የለውም። ግን እኔ አውቃለሁ።

ከውጭ ባዶ ጀሪካን ድንጋይ ይነካል። መጡ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ይመጣሉ ብዬ ነበር፣ እስከዚያ የሆነ ነገር አስባለሁ ብዬ፣ እዚሁ ሄልጋ ዘንድ አድሬ ምን እንደማስብ ግን ሌሊቱን ሙሉ አላገኘሁትም። የእትዬ ይታየሽ ድምፅ ይሰማኛል፣ የአባቴ እህት ናቸው፣ እናቴ ቤይሩት ከሄደች ወዲህ የምኖረው እሳቸው ዘንድ ነው፣ ሴቶቹን አሰልፈው አምጥተዋል፣ የጥሩሐረግም ሳቅ አለ፣ ጥሩሐረግ ካለች ሰፈሩ ሁሉ አለ ማለት ነው። ዛሬ የመድኃኔ ዓለም ጭቃ ይቦካል። ባለፈው ክረምት ዝናቡ አንድ ሌሊት ብቻ ዘንቦ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ጥሎ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፣ ወንዶቹ አፈሩንና ጭዱን አቅርበዋል፣ ውሃው የሴቶች ነው፣ ከየቤቱ ጀሪካን ጀሪካን፣ የቅርቡ ምንጭ ደርቆ ወንዝ ድረስ ነው የሚወረደው፣ ሲወጡ ጉልበት ያልቃል። እና እዚህ፣ አፍንጫቸው ሥር፣ አንድ መኪና ሙሉ ውሃ።

ይህ መኪና ቤት ነው፣ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መስኮቱ መጋረጃ አለው። ሄልጋና ባሏ ከሰቆጣ ተነስተው ሲመጡ እኛ መንደር ግርጌ የሆነ ነገሩ ተሰበረ፣ ወንዶቹ ገፍተው ጋሽ ይግዛው አውድማ ላይ አቆሙት፣ ባልየው ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄደ፣ እሷ ቤቷን ልትጠብቅ ቀረች፣ እትዬ ይታየሽ ደግሞ የኛ ልጅ ስምንተኛ ጨርሳለች፣ እንግሊዝኛ ታውቃለች ብለው እኔን ሰጧት፣ ሳህን እንዳጥብላት፣ ከሰው እንዳግባባት። እኔ። ከሰው። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ዓይናዲስ ብሎ ሲጠራኝ አቤት የሚል ድምፅ አይወጣልኝም ነበር፣ ፊቱ ተቀምጬ ቀሪ ብሎ ይጽፍብኝ ነበር፣ ዘጠነኛ ያለው ሰቆጣ ነው፣ ሰቆጣ የሚያስጠጋን ዘመድ የለም፣ አበቃ።

የጠራው ውሃ ከአልጋው ሥር ነው፣ የታጠብንበት ከመኪናው ሆድ ሥር። ከዚያ የጎደለው እዚህ ይጨመራል። ይህን ለመረዳት ቀናት ፈጀብኝ፣ እስከ ትናንት የተረዳሁት መስሎኝ ነበር። እኛ ቤት ውሃ ከደጅ ይደፋል፣ መሬት ይጠጣዋል፣ ማን ታጠበበት፣ ምን ታጠበበት፣ መሬት አይናገርም። ይሄ መኪና ግን ያስቀምጣል። ደፋሁት ያልሽው ሁሉ ከእግርሽ ሥር ቁጭ ብሏል። መሬት ላይ እንዳንለቀው ደግሞ ጋሽ ይግዛው ከልክለዋል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሄልጋ ትንሽ ብትለቅ ፍየላቸው ጠጥታ አረፋ በአረፋ ሆነች፣ ቀኑን ሙሉ ስትወራጭ ዋለች፣ አውድማው ላይ አንዲት ጠብታ አላይም አሉ፣ መኪናው ደግሞ ወደ ጉድጓድ አይነዳም። ስለዚህ ሄልጋ ትሰስታለች። ሳህኑን ከማጠቤ በፊት በወረቀት ትጠርገዋለች፣ ጥርሷን በአንዲት ኩባያ፣ ገላዋን ስትታጠብ ክፈቺ፣ ዝጊ፣ ሳሙና፣ ክፈቺ፣ ዝጊ፣ ከውጭ ሆኜ ስሰማት ከሰው ጋር የምትጣላ ይመስለኛል።

ትናንት ጠዋት ነው እትዬ ይታየሽ የመጡት፣ ይቺ ሴት የምትደፋውን ውሃ ለቤተ ክርስቲያኑ ጭቃ ትስጠን በያት አሉኝ። አልኳት። ቤተ ክርስቲያን አልኩ፣ ቤት አልኩ፣ ውሃ፣ ቆሻሻ፣ ጥሩ፣ ያለኝን ቃል ሁሉ አወጣሁ፣ ሄልጋ ገባት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች፣ እትዬ ይታየሽም ጎንበስ አሉ፣ በመካከላቸው ቆሜ ተደሰትኩ፣ እውነቴን ነው፣ ሰው አግባባሁ ብዬ። ያኔ ውሃው ንጹሕ ነበር። ንጹሕ አይደለም፣ ግን ንጹሕ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መጣብኝ።

ሳህን እያጠብኩ። ሦስተኛዬ ነው፣ የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ለማንም አልነገርኩም፣ ጨርቄን ማታ አጥቤ ከሳር ክምሩ ኋላ አሰጣለሁ፣ ሳይነጋ አነሳለሁ። ትናንት ግን ቀሚሴ ላይ ወጣ፣ ሄልጋ ከኋላዬ ነበረች፣ ፎጣ ሰጠችኝ፣ የራሷን ቀሚስ ሰጠችኝ፣ የገላ መታጠቢያውን በር ከፍታ አስገባችኝና ዘጋችልኝ። ሙቅ ውሃ። ከላይ። በሕይወቴ ከላይ ወርዶብኝ የሚያውቀው ዝናብ ብቻ ነው፣ ዝናብ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው፣ ሲመጣም ይሸሹታል። ይሄ ጭንቅላቴ ላይ ወረደ፣ አንገቴ ላይ፣ ጀርባዬ ላይ፣ ማንም አያየኝም፣ ማንም ቶሎ በይ አይለኝም፣ ከእግሬ ሥር መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ሮዝ ሆነ፣ ከዚያ ጠራ፣ ከጠራም በኋላ ቆምኩ፣ ክፈቺ ዝጊ የሚባለውን ረሳሁት። አልረሳሁትም። አውቄ አልዘጋሁትም። ሄደ ብዬ ነው፣ በቀዳዳዋ ገብቶ ሄደ፣ መሬት ጠጣው ብዬ። ፀጉሬን እየጨመቅኩ ስወጣ አራተኛው መብራት በርቶ አገኘሁት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የት ሄደ፣ የትም አልሄደም።

ይህን ደም ግዳጅ ይሉታል እትዬ ይታየሽ፣ ግዳጅ ላይ ያለች ሴት ከቤተ ክርስቲያኑ በር አታልፍም፣ ከውጭ ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔም ሁለት ጊዜ እግሬን አመመኝ ብዬ ከቤት ቀርቻለሁ። እና እኔ ከበሩ የማላልፈው ሴት፣ ውሃዬ በጀሪካን ታዝሎ ሊያልፍ ነው፣ ወንዶች በእግራቸው ሊረግጡት፣ ድንጋይ ሊያጣብቁበት። ሰው ግድግዳውን ይሳለማል። ግንባሩን ያስነካል፣ ይስመዋል፣ እትዬ ይታየሽ ሁሌ ከሴቶች በር በስተግራ ያለውን ነው የሚስሙት፣ የወደቀው እሱ ነው። እኔ አርጅቼ እንኳ ቆሞ ይቆየኛል፣ ሰው ሁሉ ሲስመው አያለሁ፣ ዝም እላለሁ።

ድስቱን ወለሉ ላይ አስቀምጣለሁ። በመስኮቱ አያለሁ። ሄልጋ ጓንት አጥልቃ ከመኪናው ሥር ገብታለች፣ ወፍራሙን ጎማ ገጥማለች፣ ጫፉን ለእትዬ ይታየሽ ጀሪካን ታቀብላለች፣ ትስቃለች፣ ሁሉም ይስቃሉ። ጥሩሐረግ ታዲያ ሽንቷንም ታስቀምጠው ይሆን እንዴ ትላለች፣ የሱ ዕቃ ሌላ ነው፣ ነግሬያታለሁ፣ ግን ይሳቅላት። ከዚያ ወደ መስኮቱ፣ ዓይናዲስ፣ ብቅ በይ እንጂ፣ ከፃግብጂ ባል አምጥተንልሻል፣ ዝም ካልሽ አዎ ብላለች ብሎ ይወስድሻል። ሳቅ። ጥሩሐረግ ራሷ ከፃግብጂ ነው ያገባችው፣ ስትስቅ ጥርሷ ያምራል፣ ክፉ አይደለችም።

ውሃው ይወርዳል። እሰማዋለሁ፣ ከእግሬ ሥር፣ መኪናው ሲተነፍስ።

ሳሙናው ጭቃውን ያበላሻል ልበላቸው። ብያለሁ ትናንት ጠዋት ሲጠይቁኝ፣ ጭቃ ነው እንጂ ጠላ አይደለም አሉኝ። ይሸታል ልበላቸው፣ እነሱስ አፍንጫ የላቸውም እንዴ፣ እየሸተታቸው ነው የሚቀዱት። ለሄልጋ ልንገራት፣ በምን ቃል፣ የሰውነት ክፍል የሚለውን ትምህርት ወንዶቹ ሲስቁ አስተማሪው ዘለለው፣ በአማርኛ ቃሉን መጽሐፍ ላይ አይቻለሁ፣ በኽምጣኛ እናቴ የምትለውን አውቃለሁ፣ ከአፌ የወጣ ግን በአንዱም የለም። ሁለተኛው ጀሪካን። ሦስተኛው መብራት ጠፋ። ሲጎድል እንዲህ ቶሎ ነው፣ አንድ ሰው እዚህ ቆሞ እያሰበ ሁሉም ተቀድቶ ያልቃል፣ እትዬ ይታየሽ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገዋል፣ ሊያዝሉ ጎንበስ ብለዋል፣

ወጥቻለሁ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ ደረጃውን አላስታውስም፣ የነጠላቸውን ጫፍ ይዣለሁ።

እትዬ፣ ይህን ውሃ አይውሰዱት።

ምን ሆነሽ ነው።

ታጥቤበታለሁ።

ታዲያ ሰው ታጥቦበት አይደል ቆሻሻ የተባለው።

ግዳጅ ላይ ሆኜ ነው።

ጎንበስ እንዳሉ ይቆያሉ። ከዚያ ቀና ይላሉ፣ ቀስ ብለው፣ የታጠበ ፀጉሬን ያያሉ፣ የሄልጋን ቀሚስ ያያሉ፣ መቼ ይላሉ፣ ትናንት እላለሁ፣ ስንተኛሽ ነው፣ ሦስተኛዬ። ለእኔ ሳትነግሪኝ፣ ይላሉ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እኔ እናትሽ ከሄደች ምን ሆኜልሽ ነው የቆየሁት። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ይቆጡኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፣ ስለ ሁለቱ ጊዜ አይደለም፣ ስለ ሳር ክምሩ አይደለም።

ጀሪካኑን ከገመዱ ይፈታሉ። ወደ ሴቶቹ ይዞራሉ፣ ድምፃቸው ሌላ ነው፣ የገበያ ድምፅ ነው። ተዉት፣ ሴቶች፣ ድፉት፣ ሥጋ ታጥቦበታል፣ ይቺ ፈረንጅ በሁዳዴ ሥጋ ስትበላ ነው የከረመችው፣ ልጅቷ አሁን ነገረችኝ።

ልጅቷ። እኔ ነኝ ልጅቷ።

እኔን ለመሸፈን ነው፣ ይገባኛል፣ ነጠላ ጣል እንደሚደረግልኝ ዓይነት ነው፣ ሙቀቱ ይሰማኛል፣ እንደዚያ ውሃ። ዳንኩ። ጥሩሐረግ ጀሪካኗን ትገለብጣለች፣ ውሃው በአውድማው ላይ ይሄዳል፣ እኔ ደግሞ ሽታው የምን ነው እያልኩ ነበር ትላለች፣ አንዷ ታማትባለች፣ አንዷ እጇን በአፈር ትፈትጋለች፣ ለመድኃኔ ዓለም የሥጋ ውሃ፣ ምን ዓይነት ሰው ናት፣ አታፍርም፣ ትስቃለች ደግሞ። እውነት ነው፣ ሄልጋ እየሳቀች ነው፣ ገና አልገባትም፣ ጎማውን በሁለት እጇ እንደያዘች ነው፣ ቀጣዩን ጀሪካን ትጠብቃለች፣ ለአንዷ እጇን ትዘረጋላታለች፣ ሴትየዋ እጇን ወደ ኋላ ትሸሽጋለች።

ሳቁ ከሄልጋ ፊት በአንዴ አይሄድም። መጀመሪያ ከዓይኗ፣ ከዚያ ከአፏ።

እና ታየኛለች። ምን አሉ ትላለች፣ ይህችን እንግሊዝኛ አውቃታለሁ፣ በቀን አሥር ጊዜ የምትጠይቀኝ እሷን ነው፣ ምን አሉ።

እትዬ ይታየሽ ያዩኛል። ዝም በይ ነው የሚሉኝ፣ በዓይናቸው፣ ቀላል ነው፣ ዝም ማለትን ማን ይችልበታል ከኔ ሌላ፣ ዝም ብል ነገ ያልፋል፣ ባሏ ዕቃውን ያመጣል፣ መኪናው ይሄዳል፣ እሷ ለምን እንደጠሏት ሳታውቅ ትሄዳለች፣ እኔ ከእትዬ ይታየሽ ጋር ወንዝ እወርዳለሁ። ሥጋ። ሥጋ እኮ ጾም መግባቱን የነገርኳት ቀን ነው ያቆመችው፣ በእጄ አሳየኋት፣ ላም፣ በግ፣ ወተት፣ ለሁሉም እጄን አወናጨፍኩ፣ ቆርቆሮዎቹን ሰብስባ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው፣ ከዚያ ወዲህ ምስር ነው፣ ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን፣ ምስር ሰልችቷታል፣ ትውጠዋለች። እኔ ነኝ የማጥበው፣ የዚያን ድስት ቂጥ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ያ ውሃ ውስጥ የሥጋ ጠብታ የለም። ያለው የኔ ነው።

ምን አሉ፣ ትላለች እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ ለኔ እንዲገባኝ ብላ፣ እኔ ያልገባኝ መስሏት።

ጉሮሮዬ ጉልጉል ይላል፣ ብቅ ይልና ይመለሳል፣ ብቅ ይልና

ሥጋ አልበላችም።

ማን ነው የተናገረው ብለው ይዞራሉ። እውነት፣ ይፈልጋሉ፣ ድምፄን አያውቁትም፣ እኔም አላውቀውም፣ እንዲህ ወፍራም አይመስለኝም ነበር። እትዬ ይታየሽ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሥጋ አልበላችም እላለሁ፣ ምስር ነው የበላችው፣ ከኔ ጋር፣ አንድም ቀን አልበላችም። ጥሩሐረግ ባዶ ጀሪካኗን እንዳንጠለጠለች ወደኔ ትጠጋለች፣ አትስቅም፣ ታዲያ ልጄ ትላለች፣ ልጄ ብላኝ አታውቅም፣ ታዲያ ውሃው ምን አለበት ትላለች፣ እና ሁሉም ይጠብቁኛል፣ ሄልጋም፣ የሦስት አገር ቃል አፌ ላይ ተደርድሮ አንዱም አይወጣም፣ ያለኝ እጄ ብቻ ነው፣ አነሳዋለሁ፣ ወደ ራሴ፣ እኔ ነኝ፣ እላለሁ፣ የታጠብኩበት እኔ ነኝ፣ እና መሬት አላይም፣ ፊታቸውን አያለሁ፣ አንድ በአንድ፣