ሩፊዳ ትታት የሄደችው ውሻ

«እግዜር ያጥናህ ልበልህ ወይስ እግዜር ይማርህ?» አሉ እማማ ታንጉ በሩ ላይ ቆመው።

ዋሴ ከገመድ አልጋው ለመነሣት ሞከረ። ቀኝ እጁ በነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ላይ ያለው ደም ከደረቀ ሁለት ቀን ሆኖታል።

«ሁለቱንም ይበሉት» አለች ሚስቱ አይናዲስ፣ ወንበር እያቀረበችላቸው።

አሮጊቷ ጎረቤት ለውሻ ለቅሶ ደርሰው አያውቁም። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ያዘቅዝቁት ወይስ እንዳለ ይተዉት ግራ ገባቸው። በመጨረሻ አንዱን ጫፍ ብቻ ገልበጥ አድርገው ተቀመጡ።

ዋሴ ከገንዳ ውሃ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ነጂ ነው። አጨዳው በተፋፋመበት ሰሞን ከሥራ ከቀረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ። አጫጆቹ በምሳ ሰዓት ሁለት ሦስት እየሆኑ ይመጣሉ። ፈገግ ብለው የሚገቡ አሉ፤ ፊቱን ሲያዩት ይተዉታል። ሻያቸውን ጠጥተው፣ «ያጥናህ» ብለውት ይሄዳሉ። እሱ የሚሰማቸው አይመስልም። ድንገት አንገቱን ወደ በሩ ያዞርና መልሶ መሬት መሬቱን ያያል።

አደጋው የደረሰው ከትናንት በስቲያ ጠዋት ነበር። ሁልጊዜ ትራክተሩ ሊነሣ ሲል ተሳቢው ላይ ከሰው ሁሉ ቀድማ የምትወጣው ውሻው አማና ነበረች። ያን ዕለትም ወጥታለች ብሎ ዋሴ ወደ ኋላ አላየም። ሞተሩን አስነሥቶ ማርሽ አስገባ። በኋላ «ጮኻ ነበር» ብለውታል፤ እሱ ግን ጩኸት አልሰማም። የተሰማው የኋላው ጎማ ትንሽ ከፍ ብሎ ዝቅ ማለቱ ብቻ ነው። ጓል የረገጠ መስሎት ነበር።

ወርዶ ሲያያት በፊት እግሮቿ ቀና ብላለች፤ የኋላዎቹ አልታዘዝ ብለዋታል። ከብብቷ ሥር ደም ይፈስሳል። ገንዳ ውሃ ላለው የእንስሳት ሐኪም ለአንዱዓለም ደወለለት።

«መጀመሪያ አፏን እሰረው» አለው አንዱዓለም። «ትንፋሽ እንዳያጥራት ላላ አድርገህ፤ ግን እሰረው።»

«አማና? እኔን? እኔን አትነክስም!»

«ስማኝ ዋሴ፣ ያመማት ውሻ ሰው አትለይም። ከዚያ ሳንቃ ፈልጉ። ወገቧን ሳታጣምሙ አንሸራታችሁ ሳንቃው ላይ አውጧት። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብለህ ያዝ፤ እያነሣህ አትየው። ውሃ እንዳትሰጣት።»

አጫጆቹ የተሳቢውን የጎን ሳንቃ ነቅለው አመጡ። ዋሴ አፏን አላሰረም። እጁን ከሥሯ ሲሰድ ጥርሷ አይበሉባው ላይ ጠለቀ። ወዲያው ለቀቀችው፤ ጆሮዎቿን አጣብቃ አየችው።

«ድዷን እይልኝ» አለ አንዱዓለም በስልኩ። «ምን ይመስላል?»

«ነጭ ነው። ወረቀት ይመስላል።»

«ደም ብዙ ፈሷታል» አለ አንዱዓለም። «እንዳይበርዳት አልብሷት። በሞተር ሳይክል መጣሁ።»

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ደረሰ። ዋሴ ጨርቁን አሁንም ጫን ብሎ እንደያዘ ነበር። ከሞተች ቆይታለች። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከጨርቁ ላይ ያላቀቀው አንዱዓለም ነው።

«ልጄ» አሉ እማማ ታንጉ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «እጅህን የማትታከመው ለምንድን ነው? ሰፈሩ ምን እንደሚል ሰምተሃል?»

«ምን ይላል?»

አይናዲስ በዓይኗ ልታስቆማቸው ሞከረች። አልቆሙም።

«የገዛ ጌታውን የነከሰ ውሻ አብዶ ነው ይላል። ጎማ ሥር የገባውም አብዶ ነው ይላል።»

«አላበደችም!» ሻይ ይጠጡ የነበሩት ሁለት አጫጆች ቀና አሉ። «ክትባቷን አንዱዓለም ራሱ ነው የወጋት። እኔ ነኝ የገደልኳት። አላበደችም፤ እኔ ነኝ።»

ጤና ጣቢያ ሄዶ የእብድ ውሻ መርፌ እንዲወጋ አይናዲስ ለምናው ለምናው ደክሟታል። እሱ ግን «ከተወጋሁማ አብዳለች ማለቴ ነው» ብሎ እንቢ እንዳለ ነው።

አማናን ያገኛት ሱዳን ጦርነት በተነሣበት ክረምት ነው። ከድንበሩ ማዶ ከጋላባት የሚሻገረው ሰው የመተማ ዮሐንስን መንገድ ሞልቶት ነበር። ሩፊዳ የምትባል ሱዳናዊት አውቶቡስ በር ላይ ቆማ ረዳቱን ትለምናለች፤ ረዳቱ ውሻ አልጭንም ብሏል። በዚያ ሲያልፍ የነበረውን ዋሴን ክንዱን ይዛ አስቆመችውና ገመዱን እጁ ላይ አኖረችው። «አማና» አለችው እያለቀሰች። ዋሴ ያኔ ከጎጃም ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ አረብኛ አያውቅም። የውሻዋ ስም መሰለው። ስልክ ቁጥሩን ጽፎ ሰጣትና «አማና፣ አማና» እያለ ይዟት ሄደ። ቃሉ አደራ ማለት እንደሆነ የነገሩት ከወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ውሻይቱን በዚህ ስም መጥራት ከጀመሩ ቆይተዋል።

ሩፊዳ አሁን ካምፓላ ናት። ኔትወርክ ካለ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች፤ ዋሴ ስልኩን አማና ጆሮ ላይ ያደርገዋል።

እማማ ታንጉ የመጡበት ቀን ዓርብ ነበር።

ስልኩ ሲጮህ አይናዲስ ስሙን አይታ ቀጥ አለች፤ ከዚያ ዘረጋችለት። ዋሴ አልተቀበላትም። ጮኾ ጮኾ ሊያበቃ ሲል ነጠቃት።

«ሩፊዳ» አለ እዚሁ በለመዳት አረብኛ። «አማና የለችም። ትራክተር ነው። የነዳሁትም እኔ ነኝ።»

ከስልኩ ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ከሩቅ ተሰማ።

«ስትሞት ብቻዋን ነበረች?» አለች በመጨረሻ።

«አልነበረችም። ይዣት ነበር።»

«ነክሳሃለች?»

ዋሴ ደነገጠ። «ማን ነገረሽ?»

«እኔንም ነክሳኛለች። ቤታችን ሲመታ ግንብ ተጭኗት ሳወጣት። እንደዚያ ሲያማት ሰው አታይም። እኔ መርፌውን ተወግቻለሁ። አንተም ተወጋ። እሷን አይከፋትም።»

ከዚያ ስታለቅስ ሰማት። ይቅርም አላለችው፣ አልረገመችውም። «አሁን ልዝጋው» ብላ ዘጋችው።

እማማ ታንጉ የተባለው አልገባቸውም። ግን ተነሥተው የነጠላቸውን ሌላውንም ጫፍ አዘቀዘቁት።

ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ውስጥ መስከረም የምትባለው ነርስ እጁን በሳሙናና በውሃ ስታጥብ፣ ስታጥብ ቆየች። «ሦስት ቀን! በሰዓቱ ብትመጣ ምናለ?» እያለች ትቆጣዋለች። ከዚያ ቅጽ አውጥታ መጻፍ ጀመረች።

«የነከሰህ ውሻ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«በሕይወት አለ? ካለ አሥር ቀን እናየዋለን።»

ዋሴ ራሱን ነቀነቀ። ነርሷ «ሞቷል» ብላ ጻፈችና ወደ መርፌው ዞረች።

ዋሴ ወረቀቱን በግራ እጁ ሳብ አደረገው። ጣቱን ቃሉ ላይ አኖረ።

«ሴት ናት» አለ።

መስከረም አየችው። እስክሪብቶዋን አንሥታ ቃሉን ሰረዘችና ከጎኑ «ሞታለች» ብላ ጻፈች።

ዋሴ አንዴ አነበበው። ከዚያ እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበ።