ከኋላ የመጣ እጅ

በብሔራዊ የሩጫ ቡድኑ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ጨራሹ» ነበር የሚሉት። በአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ደወል እስኪደወል ድረስ እንደ በሽተኛ ይጎተትና፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ሰይጣን እንዳባረረው ሰው ይፈተለካል። የእህቱ ባልም በዚያው ርቀት ለዚያው ቡድን ይሮጣል። ሩጫን ያስጀመረው እሱ ነው፤ ሆቴል ሲገቡ መስኮት አጠገብ ያለውን አልጋ የሚለቅለትም እሱ። በስድስት ዓመት ስለሚበልጠው ጨራሹ «ጋሼ» ይለዋል። ጉልበቱ እያስቸገረው ስለነበር ውጭ አገር የሚካሄደው ይህ ሻምፒዮና የጋሼ የመጨረሻው ነው።

ግማሽ ፍጻሜው ላይ ሁለቱም አንድ ምድብ ደረሳቸው። የሚያልፉት ስድስት ናቸው። ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር ጨራሹ መውጫ አጣ፦ ከፊቱ ጋሼ፣ በቀኙ አንድ ረጅም የሌላ አገር ሯጭ፣ በግራው የመሮጫው መም ጠርዝ። እግሩ ውስጥ ጉልበት ተርፎታል፤ መንገድ ግን የለም። እጁ ከአእምሮው ቀደመና የጋሼን ጀርባ ገፋ።

ጋሼ በግንባሩ ተደፋ። ረጅሙ ሯጭ እሱ ላይ ተደናቅፎ ተንገዳገደ፤ እንደ ምንም ሦስተኛ ገባ። ጨራሹ በተከፈተው ቀዳዳ ሾልኮ ስድስተኛ ሆነ።

ዳኞቹ የጠረጠሩት ረጅሙን ነበር። አሠልጣኙ የተቃውሞ ወረቀት ይዘው እየሮጡ መጡ።

«አጠገቡ ነበርክ። ማን ነው የጣለው?»

«ረጅሙ ነው ኮች። በክርኑ» አለ ጨራሹ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ከዚያም ፈረመ። ረጅሙ ሯጭ ከውድድሩ ተሰረዘ።

በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል ሄደ። የጋሼ የእጅ አንጓ ተሰብሮ ጀሶ ገብቶለታል። ጨራሹ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ አጎረሰው።

«አይዞህ፣ ፊትህን አታጨማድድ» አለው ጋሼ። «አንዳችን ማለፋችን ይበቃል። ደግሞ ለሁለት ወር ሳህን እጠብ የሚለኝ የለም።»

ጨራሹ ልሳቅ ቢል ሳል ሆኖ ወጣበት። ያኔ ስልኩ ጠራ፤ እህቱ ናት። ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

«ባሌ እንዴት አደረ?»

«ደህና ነው። እየቀለደ ነው።»

«ሩጫውን ደግመው ደጋግመው አሳዩን» አለች። «ሰፈሩ ሁሉ ያንን ረጅም ሰውዬ ይራገማል። እኔ ግን አንተን ነበር የማየው። ሲወድቅ ሁሉም ዞር ብሎ አየው። አንተ ብቻ አልዞርክም። የእህትህ ባል ወድቆ እንዴት አልዞርክም?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ያየሁትን እኔ አልነግረውም» አለች። «አንተው ንገረው።» ስልኩን ዘጋችው።

ተመልሶ ገባ። ሳይቀመጥ፣ ዓይኑን ጀሶው ላይ ተክሎ የገፋው እሱ መሆኑን ተናገረ።

«መግፋትህን ተወው» አለ ጋሼ። «ሩጫ ነው፣ እጅ ያመልጣል። ግን እዚህ ቁጭ ብለህ ብርቱካን አጎረስከኝ።»

«ጋሼ…»

«ያ ሰውዬስ? የተሰረዘው? እሱ ሰው አይደለም? ሂድ። ፊትህን ማየት አልፈልግም።»

አሠልጣኙን ሆቴሉ በር ላይ አገኛቸው። ሲነግራቸው ጭንቅላታቸውን ይዘው ቀሩ።

«አብደሃል? ነገሩ ተዘግቷል! ነገ ፍጻሜ አለብህ!»

«እርስዎ ካልመጡ ብቻዬን እሄዳለሁ፣ ኮች።»

መጡ፤ ግን አሥር እርምጃ ቀድመውት። የዳኞቹ ቢሮ ጠባብ ክፍል ነበር። ዋና ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጡ። ቋንቋ ስለማይችል የሚያስተረጉሙለት አሠልጣኙ ናቸው፤ የእሱን ውሸት በራሳቸው አፍ ሲናገሩ አንገታቸው ሥር ላብ ይንቆረቆር ነበር። ዳኛዋ አልተቆጡም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። «ትናንት ለምን አልተናገርክም?» ብቻ አሉ።

«ማለፍ ፈልጌ ነው» አለ። አሠልጣኙ ይህንንም ተረጎሙ።

ጨራሹ ተሰረዘ፤ ረጅሙ ሯጭ ወደ ፍጻሜው ተመለሰ። ጨራሹ ፍጻሜውን ከተመልካች መሀል ሆኖ አየ። ሌላ ሯጭ እንዲያሸንፍ እንደዚያ ቀን ተመኝቶ አያውቅም፤ ሰውየው ቢያሸንፍ ሸክሙ የሚቀልለት መስሎት ነበር። አላሸነፈም። ደወሉ ሲደወል እግሩ ከዳው፣ መጨረሻ ወጣ። ጨራሹ መውጫው ላይ ጠበቀው፤ ከአንዲት የሆቴሉ አስተናጋጅ ያጠናውን የይቅርታ ቃል በሰውየው ቋንቋ ነገረው። ሰውየው ላቡን እየጠረገ እንደ ግድግዳ አየውና አለፈ።

በመመለሻው አውሮፕላን ወንበራቸው ጎን ለጎን ነበር። ጋሼ ከዚያ ጠዋት ወዲህ አላናገረውም። በአንድ እጁ ከወንበሩ ቀበቶ ጋር ሲታገል ቆየና፣ ፊቱን ሳያዞር «ይቺን እሰርልኝ» አለ።

ጨራሹ ጎንበስ ብሎ አሰረለት። አንድ ነገር ሊል ቀና ሲል ጋሼ ዓይኑን ጨፍኗል። ጨራሹም እስኪያርፉ ድረስ ክንዱን መደገፊያው ላይ ሳያሳርፍ፣ ጥጉን ይዞ ተቀመጠ።