የናፈቁት ሰው ይደውላል

በ2002 ዓ.ም. ሆሳዕና ከተማ ሞባይል ስሸጥ በምላስ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ካርቶን ላይ «ይህን ስልክ ይያዙ፤ የናፈቁት ሰው ይደውላል!» ብዬ ጽፌ ሱቄ በር ላይ ሰቀልኩ። ወይ ጉድ! በሳምንት ውስጥ ያመጣሁት ስልክ አለቀ።

የመጨረሻውን የገዙት ከሞርሲቶ ለገበያ የሚመጡት አባባ ሳህሉ ናቸው። ልጃቸው ማቴዎስ ደቡብ አፍሪካ ልሂድ ብሎ ከወጣ ስምንት ወሩ ነው፤ ይኑር ይሙት አያውቁም። ጽሑፉን በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡና «እውነት ነው፣ አዜብ ልጄ?» አሉኝ።

«ምን ጥርጥር አለው!» አልኳቸው። ምላሴን ይቁረጠው!

ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን እየመጡ ሱቄ ደጃፍ ይቀመጡ ጀመር። ስልኩን በመሀረብ ጠቅልለው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ይይዙታል። በሦስተኛው ሳምንት አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ለመሆኑ ቁጥርዎን ማን ያውቃል?»

«አንቺ ነሻ!»

«ማቴዎስስ?»

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «ይደውላል ብለሽ የጻፍሽው እሱ ልኮሽ አይደል እንዴ? በእኛ ዘንድ ሰው ሳይላክ የሌላውን ቃል አያደርስም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ኧረ አባባ፣ ልጅዎን አላውቀውም። ለመሸጥ ብዬ ነው የጻፍኩት» አልኳቸው፤ እንባዬም መጣ። እሳቸው ስልኩን ቀስ ብለው በመሀረቡ መልሰው ጠቀለሉት።

እሁድ፣ ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሲነገር ተነሣሁ። «ደቡብ አፍሪካ ሰው ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ቁጥር ለሞርሲቶው ማቴዎስ ሳህሉ አድርሱልኝ። አባቱ እየጠበቁት ነው» አልኩና ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ማሳመሪያ አልጨመርኩም። ካርቶኑንም ያኑ ቀን ቀድጄ ጣልኩት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አባባ ደጃፌ እንደተቀመጡ ስልኩ ጮኸ። ከመሀረቡ አውጥተው ሰጡኝና ቁልፉን ተጫንኩላቸው። የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ በሀዲይኛ እየጮኹ አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። እንዴት ደስ አይለኝ!

ጥቂት አወሩና ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት።

«እንኪ፣ አናግሪው» አሉኝ እንባቸውን በመሀረቡ እየጠረጉ። «ሌላ ጊዜ ስለ እሱ ስትጽፊ እንኳ እንድታውቂው።»