የፈታያ ግራ እጅ

ሰሎሚት ከጠዋት ጀምራ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ደጅ ቆማለች። ልጇ ፈታያ ሃያ ዓመት ስለሞላው ሽማግሌዎቹ ገላውን ሊመረምሩት አስገብተውታል። የአካል ነውር ካልተገኘበት ነጭ ለብሶ እንደ አባቱ በመሠዊያው ፊት ይቆማል። ከተገኘበት ጥቁር ለብሶ ማገዶ ቤት ይቀመጥና ነቀዝ በልቶት ለመሠዊያው የማይሆነውን እንጨት ከደህናው ሲለይ ይኖራል። የካህን ዘር ነውና ከመሥዋዕቱ መብላት አይከለከልም፤ ወደ መሠዊያው ግን ዕድሜ ልኩን አይቀርብም።

የፈታያ ግራ እጅ አንጓው ላይ ጥቂት ጠመም ያለ ነው።

"አያዩትም" ብሏት ነበር ባሏ ኢሜር፣ ጉልበቱን ታሞ ቤት ሲቀር። "ሲያጭድ ማን ልብ ብሎለት ያውቃል? ይልቅ ሂጂና የምሥራቹን ይዘሽ ነይ። እኔ ጠቦት አርጄ፣ ጎረቤት ጠርቼ እጠብቃለሁ።"

እሷ ግን እንደሚያዩት ታውቃለች። በሕልሟ ስንት ጊዜ አይተውታል።

አጠገቧ ርግብ የምትሸጥ አሮጊት ታዘበቻት። "ቁጭ በይ እንጂ እናቴ። ፊትሽን ላየው የምትታረጂው አንቺ ትመስያለሽ።"

"ልጄ ገብቶብኝ ነው።"

"ታዲያ እዚያ የሚታረደው በግ ነው፤ የሰው ልጅ አይደለም።"

ሰሎሚት የዚያን የበለስ ወራት ቀን እያሰበች ነበር። ፈታያ ያኔ የስምንት ወር ልጅ ነበር። ኢሜር የአገልግሎት ሳምንቱ ደርሶ ኢየሩሳሌም ወጥቷል። እሷ በለስ ልታሰጣ ጣሪያው ላይ ወጣችና ልጁን ምንጣፉ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ከታች ጎረቤት ጠራቻትና ዘወር አለች። አንዴ ብቻ ነው ዘወር ያለችው። ልጁ በደረጃው ተንከባሎ ወረደና ግራ እጁ አንጓው ላይ ተሰበረ። ወጌሻ ብትጠራ እጁ ይቃና ነበር፤ የወጌሻው አፍ ግን አያርፍም። የካህን ልጅ ሰበረች እንዳትባል ፈርታ በጨርቅ ጠቅልላው ዝም አለች። ኢሜር ሲመለስ፣ "ሲወለድም እንዲህ ነበር፤ ሲያድግ ነው የታየው" አለችው። አመናት። ልጁም ይህንኑ እየሰማ አደገ።

ቀትር ላይ ፈታያ ጥቁር ለብሶ ወጣ። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። እናቱ የፈተለችለትን ነጭ ቀሚስ አጣጥፎ ይዟል።

"እንኪ እማ። ለሌላ ሰው ይሆናል።"

"ምን አሉህ?"

"ሁለት እጄን ጎን ለጎን አስዘረጉኝ። ብዙም አልፈጀባቸውም።" ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ወዲያው ሥራ አስጀመሩኝ። ሦስት ነቀዛም ግንድ ስጥል አለቃው ዓይንህ ጥሩ ነው፣ እዚሁ ታረጃለህ አለኝ።"

ቀሚሱን ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

"ሌላው ሰው ታሞ ወይ ወድቆ ነው እዚያ የገባው" አለ ፈታያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔን እግዜር ገና ማኅፀን ሳለሁ አልፈልግህም አለኝ። ምን በድዬው እንደሆነ እንጃ።"

ምስጢሩን ይዛው ልትቀበር ነበር ሐሳቧ። ይሄኛውን ግን መሸከም አቃታት።

"እግዜር አይደለም ልጄ። እኔ ነኝ።"

በለሱን፣ ደረጃውን፣ ያልጠራችውን ወጌሻ፣ ሁሉንም ነገረችው። አሮጊቷ ፊቷን ወደ ርግቦቿ መለሰች። ፈታያ የሰው ዕቃ እንደሚያይ ሁሉ እጁን እያገላበጠ አየ።

"አልቅሼ ነበር?"

"ሦስት ቀን።"

"ሦስት ቀን ሙሉ እየሰማሽኝ ዝም አልሽ።"

"ሃያ ዓመት ዝም አልኩ።"

"ተሰበረም፣ እንዲሁ ተፈጠረም፣ ለመሠዊያው ያው ነው" አለ። "ለእኔ ግን ያው አይደለም።" ወደ በሩ ጥቂት ከሄደ በኋላ ዞረ። "ለአባባ አንቺ ንገሪው። ዛሬውኑ።"

መንደራቸው ዓናቶት ስትደርስ የጥብሱ ሽታ ከመንገድ ተቀበላት። ኢሜር ምርኩዙን ተደግፎ ደጁ ላይ ቆሟል። ዓይኑ በእጇ በያዘችው ነጭ ቀሚስ ላይ አረፈ።

"አገልግሎት ጀመረ?"

ጀምሯል ብትል ውሸት አይሆንም ነበር፤ ማገዶ ቤትም አገልግሎት ነው። ጎረቤቶቹ ውስጥ ይሳሳቃሉ።

"ሰዎቹን ቆዩ በላቸውና ና እዚህ ተቀመጥ" አለችው። "ያኔ በበለሱ ጊዜ፣ አንተ ኢየሩሳሌም ሳለህ..."